ከሞተሩ እስከ ጎማው

በቅርቡ መኪናዬ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት አልወጣም አለችኝ። ነዳጁን ስረግጠው ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን ወሬውን የሰማ አይመስልም። ጋራዥ ስወስዳት ሜካኒኩ ፍሪሲዮኑ አልቋል ብሎ ፈረደ።

ጤነኛ መኪናም ቢሆን ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል በሙሉ ጎማው ላይ አይደርስም። የካምቢዮው ጥርሶች፣ ኩሽኔታዎቹ፣ የሚናጠው ዘይትና ዲፈረንሻሉ የየድርሻቸውን ይወስዱና ወደ ሙቀት ይለውጡታል። አንድ ጥንድ ጥርስ ብቻ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበላል። ይህን ብክነት ቀደም ብለው ከታገሉት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነበር።

ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1877 በፓሪስ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ከትምህርት ይልቅ መፍታትና መግጠም ይወድ ነበር። በ1898 የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቢያንኩር በሚገኘው የቤተሰቡ ግቢ ውስጥ አንዲት ትንሽ መኪና ሠራ። በዘመኑ ብዙ መኪናዎች ኃይልን ወደ ጎማ የሚያደርሱት በሰንሰለት ወይም በቀበቶ ነበር። እሱ በምትኩ የሚሽከረከር ዘንግ አደረገ። በከፍተኛው ማርሽ ላይ ደግሞ ከሞተሩ የሚመጣውን ዘንግ ወደ ኋላ ከሚሄደው ጋር በቀጥታ አቆላለፈው። በዚህ ማርሽ ኃይሉ በካምቢዮው ጥርሶች በኩል መዞር ስለቀረለት ብክነቱ ቀነሰ። በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ የሞንማርትርን ዳገት ወጥቶ አሳየ፤ በዚያው ምሽትም የመኪና ትእዛዝ ተቀበለ።

በ1899 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ከወንድሞቹ ጋርም ኩባንያ አቋቋመ። ሌሎች ፋብሪካዎች ሥራውን ሲቀዱበት ከሰሳቸው፣ ረታቸው፣ አስከፈላቸውም። ወንድሙ ማርሴል በ1903 በፓሪስ–ማድሪድ ውድድር ላይ ሞተ፤ ፈርናንም በ1909 ተከተለው። ድርጅቱ በሉዊ እጅ ቀረ።

የሕግ ተማሪ ለነበርኩት ለእኔ ግን ከካምቢዮው ይልቅ የሰውየው መጨረሻ ይከብደኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ለጀርመን ጦር የጭነት መኪና አመረተ። ፓሪስ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በመስከረም 1944፣ ሬኖ ከጠላት ጋር ተባብረሃል ተብሎ ታሰረ። በጥቅምት 24 ቀን ሳይፈረድበትም ነጻ ሳይወጣም ሞተ። በጥር 1945 መንግሥት ኩባንያውን በድንጋጌ ወረሰው። ወራሾቹ በ2011 ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም።

ሬኖ ንጹሕ ነበር እያልኩ አይደለም። ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማጣራት የዳኛ ሥራ ነበር። የወንጀል ክስ በተከሳሹ ሞት ይቋረጣል። እዚህ ግን ክሱ ሲቋረጥ ቅጣቱ ቀጠለ። የፈጠራ መብቱን ያስከበረለት የፈረንሳይ ሕግ፣ በመጨረሻው ሰዓት እሱ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

ፍሪሲዮኑን አስቀይሬያለሁ፤ መኪናዬም ዳገቱን ትወጣለች። የሕግ ፍሪሲዮን ሲያልቅ ግን የሚቀይር ጋራዥ የለም። የሕግም ጉልበት እንደ መኪና ነው፤ የሚለካው በሞተሩ ጩኸት ሳይሆን ጎማው ላይ በሚደርሰው ነው።