ልዕልት ፀሐይ፤ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ለቀምት

ሚያዝያ 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅቡቲ ሲገባ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት የሆነ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የባሕሩ ዳር ሙቀት ከደጋ ለመጣ ሰው የሚከብድበት ወራት ነበር። ከባቡሩ የወረዱት መኳንንትና ወይዛዝርት የያዙት ዕቃ ጥቂት፣ የተዉት ግን አገር ነበረ። በማግሥቱ ሚያዝያ 26 ቀን ኤንተርፕራይዝ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ንጉሠ ነገሥቱንና ቤተ ሰባቸውን አሳፍራ ከጅቡቲ ተነሣች። አንድ ሌሊት ብቻ አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ጅቡቲ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳዮች የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ስትሆን፣ የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ዋነኛ በር ሆና ኖራለች። ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሚሄደው ወጣት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሐኪምና ነጋዴ፣ የቡናውና የቆዳው ጭነት ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነበር። በዚያ ሚያዝያ ግን ከተማይቱ የስደተኛ መሰብሰቢያ ሆነች። ከመርከቧ ለመሳፈር ዕድል ያገኘው ጥቂት ነው፤ የቀረው በየቤቱና በየጥላው ሥር ከኋላው ስለ ቀሩት ዘመዶቹ ወሬ ይጠይቅ ነበር። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መሄድ ተገቢነት በጊዜው በመኳንንቱ መካከል ብርቱ ክርክር ተደርጓል፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተቋረጠም። ይሁን እንጂ የ16 ዓመቷን ልጅ በዚህ ጉዳይ ማንም ምክር አልጠየቃቸውም። የእርሳቸው ታሪክ የሚጀምረው ከመሄዳቸው ሳይሆን ሄደው ከሠሩት ነገር ነው።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አባታቸው ገና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነበሩ። የሕፃንነታቸው ጊዜ በቤተ መንግሥት ወግ አለፈ። የጠላት መምጣት እርግጥ በሆነበት በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእናታቸው በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ሲቋቋም፣ ልጅቱ ከሥራው ግንባር ቀደም ሆነው ተሰለፉ። በማኅበሩ የተሰበሰቡት ሴቶች ለቁስለኛው ፋሻ ይቈርጡ፣ ለዘማቹ ልብስ ይሰፉ ነበር። ኢጣልያ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የመርዝ ጢስ በሠራዊቱና በባላገሩ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ደግሞ፣ እነዚያው እጆች ከተራ ጨርቅ የፊት መሸፈኛ ለመሥራት ተገደዱ። ከሰናፍጭ ጢስ ጋር ለሚታገል ሰው ያ ጨርቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚሰፉት ሴቶች ራሳቸው ሳያውቁት አልቀሩም፤ ነገር ግን ሌላ የሚሰጡት አልነበራቸውም። ልዕልት ፀሐይም የመርዙን ጢስ ግፍ እየገለጹ ለውጭ አገር ሴቶች አቤቱታ አሰሙ። አቤቱታው በጋዜጣ ታተመ፤ ርኅራኄም አስገኘ። የመርዙን ዝናም ግን አላስቆመም።

በዚያ ጦርነት ከሁሉ ይልቅ የጐደለው ሐኪምና አስታማሚ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይና ከሌሎችም አገሮች የመጡት የሕክምና ጓዶች የሚችሉትን አደረጉ፤ እነርሱም ራሳቸው ከአውሮፕላን ቦምብ አላመለጡም። የስዊድኑ ጓድ በመልካ ዲዳ፣ የእንግሊዙ በቆረም አጠገብ የቀይ መስቀል ምልክት ዘርግተው ሳሉ ተደበደቡ። አገሪቱ ግን በሙያው የሠለጠነ የራስዋ አስታማሚ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ይህን ጉድለት ልዕልት ፀሐይ ከአዲስ አበባ ይዘውት ወጡ፤ በጅቡቲም አልፈው በባሕር ይዘውት ሄዱ።

መርከቧ ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሰች፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ አገር ጉዞአቸውን ሲቀጥሉ ልዕልት ፀሐይ አብረው ሄደው ግንቦት 26 ቀን ሎንዶን ገቡ። እንግሊዝኛ አጥርተው ይናገሩ ስለ ነበር ለአባታቸው አስተርጓሚ ሆነው አገለገሉ። ቤተ ሰቡ ባዝ በተባለችው ከተማ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ተቀመጠ። ኑሮው የተጠበበ፣ የእንግሊዝ ክረምትም የማይለመድ ነበር። በእንደዚህ ያለ ጊዜ አንዲት የንጉሥ ልጅ ከእናት ከአባት ጋር ተቀምጣ የተሻለ ቀን ብትጠብቅ የሚነቅፋት አይኖርም። ልዕልት ፀሐይ ግን ይህን አልመረጡም።

የመረጡት በሎንዶን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ገብቶ የነርስነትን ሙያ መማር ነው። ይህ ሆስፒታል በ1852 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። የጀማሪ ነርስ ሥራ በዚያ ዘመን ምን እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ወለል መጥረግ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ የሕፃን ገላ ማጠብ፣ የቁስል መሸፈኛ መለወጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ በታመመ ልጅ አጠገብ ነቅቶ ማደር፣ የዋናዋን ነርስ ትእዛዝ ያለ አንዳች ማመንታት መፈጸም ነበር። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት እንዲህ ያለው ሥራ የገረድ እንጂ የልዕልት ሆኖ አያውቅም። ከዚህ ላይ ነው የድፍረታቸው መጠን የሚለካው። ጥይት በሚጮኽበት ሜዳ ከመቆም ያነሰ ድፍረት ነው የሚል ቢኖር፣ ወገኖቹ ከነበሩበት ማዕርግ በፈቃዱ ወርዶ ባዕድ በሆነ አገር ሦስት ዓመት መጥረጊያና መታጠቢያ ሳሕን የያዘ ይፍረድ።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ማዕርግ በመንግሥት መዝገብ ተጻፈላቸው። በዘመናዊ ትምህርት ሠልጥነው ይህን ማዕርግ ካገኙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዷ ሆኑ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሳቸውም ትምህርታቸውን ለማስፋት ጋይስ ወደሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ገቡ። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ አባታቸው በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ለመግባት ከእንግሊዝ ሲነሡ፣ ልጅቱ ከሥራቸው አልተለዩም። የጀርመን አውሮፕላኖች በ1933 ዓ.ም. ሎንዶንን በቦምብ ሲደበድቡ፣ ከሰማይ የሚወርድን ሞት አስቀድመው በአገራቸው ያወቁት ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሌላውን አገር ሕዝብ ያስታምሙ ነበር።

ነፃነት ተመልሶ ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ያገኙት አገር አምስት ዓመት የቈሰለ ነበር። ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱ ጥቂት፣ በውጭ አገር ተምረው ከነበሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ በጠላት እጅ አልቀው ነበር። ልዕልት ፀሐይ በደሴ ሆስፒታል ገብተው በተማሩት ሙያ ማገልገል ጀመሩ። አሳባቸው በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ልጆች ነርስነት የሚማሩበት ሆስፒታል ማቋቋም ነበረ።

በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው በወለጋ ለአገረ ገዥነት ስለ ተሾሙ አብረው ለቀምት ወረዱ። ጋብቻቸው አራት ወር ሳይሞላው ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ክረምቱ በበረታበት ወራት፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በለቀምት ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። የሰውን ልጅ ሲያስታምሙ የኖሩት ወጣት፣ እጅግ ብዙ የአገራቸውን እናቶች በየመንደሩ በሚቀጥፈው ሞት ተቀጠፉ። በአዲስ አበባም በበዓታ ለማርያም ገዳም፣ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉበት ሥፍራ ተቀበሩ።

የኢትዮጵያ የክፉ ቀን ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ይህን ኀዘን ኀዘን ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈቀዱም። በእንግሊዝ አገር የመታሰቢያ ሆስፒታል ኮሚቴ አቋቁመው፣ የታወቁትን ሐኪም ሎርድ ሆርደርን ጭምር አስተባብረው፣ ለዓመታት ገንዘብ ሲለምኑ ቆዩ። ሥራው የተጠናቀቀው ቀስ በቀስ ነው፤ ከጦርነቱ ድካም ያላገገመው የእንግሊዝ ሕዝብ ለሩቅ አገር ሆስፒታል የሚሰጠው ትርፍ ገንዘብ አልነበረውም። በመጨረሻ በ1951 እ.ኤ.አ. የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ተጨመረለት። ልዕልቲቱ ያሰቡት ነገር ከሞታቸው ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሥጋ ለበሰ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ራሳቸው በ1948 ዓ.ም. መኖሪያቸውን ወደ አዲስ አበባ አዛውረው፣ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

ባለቤታቸው የነበሩት ጄኔራል አቢይ አበበ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው በ1950ዎቹ ዓመታት በአሥመራ ስለ ተቀመጡ፣ በዚህ ክፍል የሚያስታውሳቸው ብዙ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ከአብዮቱ በኋላ የልዕልቲቱ ስም ከሆስፒታሉ ተነሥቶ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ሠፈሩም ከዚያ ወዲህ ጦር ኃይሎች ይባላል፤ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማው ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ አንዱ በዚሁ ስም ይጠራል። ልዕልት ፀሐይ በ1927 ዓ.ም. ፋሻ መቍረጥ የጀመሩት ለወታደር ነበር፤ ለስማቸው በተሠራው ግቢም ቁስለኛ ወታደሮች ሲታከሙበት ኖረዋል።