አለቃ ታየ ገብረ ማርያምና ሳይታተም የቀረው ታሪክ

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ የርብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ይፋግን ያገኛል። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ የሚያየው ትንሽ ከተማ ነው፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን ይፋግ ከጎንደርና ከጎጃም የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተወለዱት በዚሁ አካባቢ በ1861 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነበር። ታየ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1866 የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተዘረፉ፣ ተቃጠሉም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በመቅደላ አምባ ተከማችተው የነበሩት የብራና መጻሕፍት በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ ከእነርሱም 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ መጻሕፍቱን ከየደብሩ ያሰባሰቡት ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም አስበው ነበር። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የብዙ አድባራት ሀብት በአንድ አምባ ላይ መገኘቱ በአንድ ቀን ውጊያ ሁሉም እንዲታጣ አደረገ። የቀደሙት አባቶች በዚህ ረገድ ይጠነቀቁ ነበር፤ በጦርነት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ከፎገራ ሜዳ ማዶ ወደሚታዩት የጣና ደሴቶች ይሸሹ ነበርና።

ታየ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በምንኩሉ፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ባቋቋመው ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የአገር ቤቱንም የቤተ ክህነት ትምህርት ቀሰሙ። ምንኩሉ የማተሚያ መሣሪያ ነበራት። በ1889 የግዕዝ ሰዋስው መጽሐፋቸው በዚያ ታተመ። አንድ ብራና ጽፎ ለመጨረስ ወራት በሚፈጅበት አገር፣ አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ በርካታ ቅጂ ሆኖ መውጣቱን በወጣትነታቸው ያዩ ሰው መሆናቸው በኋላ ለደረሰባቸው ነገር ኀዘኑን ያበዛዋል።

የጀርመን መንግሥት ለበርሊኑ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት መምህር በጠየቀ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ የላኩት እርሳቸውን ነው። ከ1905 እስከ 1908 በዚያ አስተማሩ፤ ከሊቁ ከኦይገን ሚትቮኽ ጋርም ሠሩ። የኢትዮጵያን ታሪክ በሰፊው እንዲጽፉ ከንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ተቀብለው ነበርና፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ አሳለፉ። ከበርሊን ከተመለሱ በኋላ በሃይማኖት አቋማቸው ተከሰው ታሰሩ፤ ሆኖም መጻፉን አልተዉም።

ለአንባቢ የደረሰው ግን ጥቂቱ ነው። በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው አጭር መጽሐፋቸው ወጣ። ሰፊው ታሪክ ሳይታተም ቀረ፤ እንደ ጠፋም ይነገራል። ሌሎች ጸሐፊዎች ከዚያ ሥራ ወስደዋል፣ አልወሰዱም የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ በእጅ በሌለበት እንዲህ ያለውን ክርክር ወደ እውነተኛ ፍርድ ማድረስ አይቻልም፤ ጉዳቱ ከወረቀቱ መጥፋት አልፎ እስከ ደራሲው ስም ድረስ ይዘልቃል።

ይህ የዛሬ ሰው በየቤቱ ከሚደርስበት ጉዳት ብዙም የራቀ አይደለም። በወረታ በክረምት ነጎድጓድ መካከል መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ በኮምፕዩተር የሚጽፍ መምህር ወይም የማኅበር ሒሳብ ሹም ያልተቀመጠ ሥራውን ያጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገና በመሠራት ላይ ያለው ነገር የሚያርፈው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ በሚይዝ ማኅደር ውስጥ ነው። መሣሪያው ወደ ዲስክ በመጻፍ ላይ ሳለ ከተቋረጠ ደግሞ ፋይሉ እኩሌታው ተጽፎ ይቀርና ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አንባቢ ጫፉ ከገጹ በላይ እጅግ ቀጭን በሆነ የአየር ንብርብር ላይ ይንሳፈፋል፤ በመናጋት ገጹን ከነካ ይፍቀዋል። አቧራ ማራገቢያውን ሲዘጋ መሣሪያው ይግላል፣ በራሱም ይቆማል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ኃይል ማቆያ ማስገባት፣ ማራገቢያውን ማጽዳት፣ በየጥቂቱ ደቂቃ ሥራን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅጂ ነው። በዚያው ኮምፕዩተር ውስጥ ሌላ ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ ፋይል እንደ ቅጂ አይቆጠርም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታልና። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ተጨማሪ ዲስክም መብረቅ ወይም ቫይረስ ሲመጣ ከዋናው ጋር ይጎዳል። ተቀድቶ የተነቀለ አንድ ዲስክ በቤት፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ በባሕር ዳር ወይም በሌላ ስፍራ በታመነ ዘመድ እጅ፣ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ቢኖር፣ የጣና ደሴቶችን ሥራ ይሠራል። ቅጂው በእርግጥ ይከፈት እንደ ሆነ አልፎ አልፎ መሞከርም አይዘነጋ፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ዋናው ከጠፋ በኋላ ነው።

አለቃ ታየ በ1924 ዐረፉ። ስለ ሕዝቦች አመጣጥ በመጽሐፉ ከሰፈረው ውስጥ ብዙው በዛሬ የታሪክ ጥናት ተቀባይነት የለውም፤ ቢሆንም መጽሐፉ የዘመኑን አስተሳሰብ ስለሚያሳይ በተደጋጋሚ ታትሟል። በ1987 ግሮቨር ሃድሰንና ተከስተ ነጋሽ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ አወጡት። ለትርጉሙ መሠረት የሆናቸውም በአሥመራ የታተመው ያ አጭር መጽሐፍ ነበር።