አርቱሮ ሾምበርግ (1874–1938)

የሰውን ክብር በቆዳው ቀለም መመዘን ብዙ ሕዝብ የጎዳ ክፉ ልማድ ነው። ይህን ልማድ በመጽሐፍ የተዋጋውን የአርቱሮ ሾምበርግን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

አርቱሮ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1874 በካሪብያን ባሕር በምትገኘው በፖርቶ ሪኮ ደሴት ተወለደ። እናቱ ጥቁር ስትሆን አባቱ የጀርመን ዘር ነበረው። በዚያን ጊዜ ደሴቲቱን ትገዛ የነበረችው እስፓኝ ባርነትን በሕግ የሻረችው እርሱ ከመወለዱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1873 ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ የባሪያውን ሰንሰለት ቢፈታም የሰውን አሳብ አልፈታም። ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው አንድ የሆነ ሰዎች በመልክ ተከፋፍለው፥ ነጣ ያለው ሲከበር ጠቆር ያለው ይናቅ ነበር።

አርቱሮ በልጅነቱ አንድ አስተማሪ ጥቁር ሕዝብ ታሪክም ጀግናም እንደሌለው እንደነገረው ይተረካል። ልጁም ይህ ነገር ከልቡ ስላልወጣ ማስረጃ መፈለግ ጀመረ።

በ1891 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በዚያም በመልኩ ጥቁር፥ በቋንቋው ባዕድ ስለ ነበረ ሸክሙ እጥፍ ሆነበት። ለብዙ ዓመታት በአንድ ባንክ የደብዳቤ ክፍል እየሠራ፥ ከደመወዙ እየቆጠበ፥ የጥቁርን ሕዝብ ታሪክ የሚመሰክሩ መጻሕፍትን፥ የእጅ ጽሑፎችንና ሥዕሎችን ሰበሰበ። በ1926 ከ5,000 የሚበልጡ መጻሕፍት የነበሩበት ይህ ስብስብ፥ በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ርዳታ በ10,000 ዶላር ተገዝቶ ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ።

አርቱሮም በገንዘቡ ቤት አልሠራበትም፤ ወደ እስፓኝ ተጓዘበት እንጂ። የሚፈልገው የሁዋን ዴ ፓሬሃን ሥራ ነበር። ፓሬሃ የታላቁ ሠዓሊ የቬላስኬስ ባሪያ ሆኖ ኖሮ በ1650 የነጻነት ሰነድ የተጻፈለት፥ እርሱም ራሱ ሠዓሊ የሆነ ሰው ነው። በማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም፥ ፓሬሃ በ1661 የሣለውን የቅዱስ ማቴዎስን መጠራት የሚያሳይ ሥዕል አገኘ። የልጅነት አስተማሪው የለም ያለው ታሪክ፥ ደሴቲቱን ስትገዛ በኖረችው አገር ዋና ከተማ ይገኝ ነበር።

ሾምበርግ ከ1932 ጀምሮ በ1938 እስከ ሞተ ድረስ የዚያው ስብስብ ኃላፊ ሆኖ ሠራ። ዛሬ በሃርለም የሚገኘው የምርምር ማዕከል በስሙ ይጠራል።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት አንድ ነገር እንማራለን። ንቀት በአዋጅ ብቻ አይጠፋም፤ ያልተጻፈና ያልተነበበ ታሪክ በር ይከፍትለታልና። ስለዚህ መጽሐፍ በገለጥን ቁጥር የማን ስም እንደ ቀረ እንጠይቅ፤ የቀረውንም ፈልገን ለማግኘት እንትጋ።