ከክፍሏ ሳትወጣ ዓመታት ያሳለፈችው ነርስ

ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኞችን በመጠየቋ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንዴት እንደኖረች ግን ብዙም ሲነገር አንሰማም። በዚህ ዕትም የምናነሣው ይህንኑ ነው።

ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 ጣሊያን ውስጥ በፍሎረንስ ከተማ ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ቤተሰብ ተወለደች። ነርስ ልሁን ብትል ሥራው ለጨዋ ልጅ አይገባም ተባለች። ያለ ሥራ እቤት በዋለችባቸው ዓመታት ኀዘኑ በርትቶባት ሞትን እስከ መመኘት ደርሳ ነበር። በመጨረሻ በ1851 ጀርመን ሄዳ ሠለጠነች። በ1854 ደግሞ በክራይሚያ ጦርነት የቆሰሉትን ለማከም 38 ነርሶችን ይዛ ወደ ቱርክ ሄደች።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1855፣ ክፉኛ ታመመች። ካልፈላ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ በሽታው ሲቆይ ሰውነትን ከማድከሙም በላይ መንፈስን ይሰብራል። አገሯ በተመለሰች በዓመቱ፣ በ37 ዓመቷ፣ አልጋ ላይ ዋለች። መሞቻዬ ደርሷል ብላ አመነች። እናቷንና እህቷን እንኳ ማየት ከበዳት፤ ሌላውን እንግዳ አንድ በአንድ ብቻ ትቀበል ነበር። ስታስታምማት የቆየችው አክስቷ ወደ ልጆቿ ስትመለስም ለብዙ ዓመታት ተቀየመቻት። ጭንቀት የሚወዱንን ሰዎች እንደሚያስገፋን ከዚህ እንረዳለን።

ሆኖም ብዕሯን አልጣለችም። አልጋዋ ላይ ሆና ስለ አስታማሚነት የጻፈችው መጽሐፍ በ1859 ታተመ፤ በ1860 በስሟ የነርሶች ማሠልጠኛ ለንደን ውስጥ ተከፈተ። በመጽሐፉ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ግድግዳ ማየት በሽተኛን እንደሚጎዳ፣ የመስኮት ብርሃን፣ አበባና ትንሽ የቤት እንስሳ ግን እንደሚያጽናና አስረድታለች። ሕመሙን አቃልለው ምክር የሚያዥጎደጉዱ ጠያቂዎች እንደሚያደክሙት፣ መልካም ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ግን እንደሚጠቅመው ጽፋለች።

ኀዘኗ በአንድ ቀን አልለቀቃትም። ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ ግን ቀለል አላት፤ ከራቀቻቸው ዘመዶቿም ጋር ተቀራረበች። ያረፈችው በ1910፣ በ90 ዓመቷ ነው።

ከእኛም መካከል ከወርኀዊው ስብሰባ የቀረች፣ ቡና ስትጠራ የማትመጣ እህት ትኖራለች። ኮራች አንበል። አንዳችን ብቻ እንሂድላት፤ መስኮቷን እንክፈትላት፤ ጥቂት ተቀምጠን ደግ ወሬ እናውራት። ምክር ከማብዛታችን በፊት እናዳምጣት። ሲሻላት እቤቷ ሆና የምትሠራው አንድ ነገር፣ መፍተልም ይሁን የማኅበሩን መዝገብ መያዝ፣ እንስጣት። መኖር አስጠላኝ ካለች ግን ለነገ ሳንል ይዘናት ወደ ሐኪም እንሂድ። በናይቲንጌል ዘመን ያልነበረ ሕክምና ዛሬ አለ።