ጄምስ ብሩስ

ጄምስ ብሩስ (1730–1794 እ.ኤ.አ.) ስኮትላንዳዊ ተጓዥና ጸሐፊ ነበር። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ የዓባይን ምንጭ ጎብኝቷል፤ የምንጩንም ቦታ በጁፒተር ጨረቃ አማካኝነት ለክቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጉዞው

ብሩስ በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። በኋላ በቤንጋዚ አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ንብረቱ ሲጠፋ፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ኳድራንት (የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ) ሰጠው። በ1769 ምጽዋ ደርሶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ፤ በወቅቱ ንጉሡ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ቢሆኑም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። በዚያው ዓመት ከዛሬዋ ባሕር ዳር 30 ኪ.ሜ. ገደማ የሚርቀውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አየ። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ደግሞ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ የሚገኘው ግሽ ዓባይ ደረሰ።

የጁፒተር ሰዓት

ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ይገኛል። ኬንትሮስ ግን የሁለት ቦታዎችን የሰዓት ልዩነት ማወቅ ይጠይቃል፤ ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና። አዮ የተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ፕላኔቷን በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ትዞራለች፤ በየዙሩም ጥላዋ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ይህ ግርዶሽ ከየትም ቢታይ በአንድ ቅጽበት ስለሚሆን፣ የአካባቢውን ሰዓት አውሮፓ ከተሰላው ሰዓት ጋር ማነጻጸር ኬንትሮሱን ይሰጣል። ብሩስ በዚህ ዘዴ የግሽን ኬንትሮስ 36° 55′ ምሥራቅ፣ በከዋክብት ከፍታም ኬክሮሱን 10° 59′ ሰሜን ብሎ መዘገበ። ኬክሮሱ ከዛሬው ልኬት ጋር ይቀራረባል። ኬንትሮሱ ከትክክለኛው ወደ ምዕራብ ቢያዘነብልም፣ ስሕተቱ በሰዓት ሲታሰብ 1 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

የግርዶሽ ጥቅም በዚህ አላበቃም። ከ1985 እስከ 1990 ፕሉቶና ጓደኛዋ ካሮን በየተራ ሲጋረዱ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሁለቱን መጠን ከብርሃናቸው መቀነስ አስልተዋል።

ውዝግብ

ብሩስ ከአውሮፓውያን የዓባይን ምንጭ ቀድሞ ያየ እርሱ እንደሆነ ይናገር ነበር። ሆኖም ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽን አይቷል። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒም በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ፤ ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አስመስሎ ጻፈ። ተመራማሪዎች በኋላ የባሉጋኒን የራሱን መዝገብ አይተው ሐቁን ገልጠዋል።

በ1790 የታተመውን ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ብዙ የለንደን ሰዎች አላመኑትም ነበር። ይሁንና ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች የአውሮፓን ሊቃውንት ጠቅመዋል። ብሩስ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።