አባ ጎርጎርዮስና ከጨዋታቸው የተወለደው መጽሐፍ

በደብረ ታቦር አካባቢ ዜማ የሚማር ተማሪ ድጓውን ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ይወጣል። ብራናው በእጁ ሳለ ስለ ምን ያን ሁሉ ዳገት ይደክማል ቢሉ፣ ዜማ ከመምህር አፍ ካልሰሙት በብራና ብቻ አይገኝምና ነው። የዛሬው ታሪካችን ባለቤት አባ ጎርጎርዮስም ለአንድ ጀርመናዊ ሊቅ እንዲህ ያለ መምህር የሆኑ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በአማራ ምድር፣ ዛሬ በወሎ በኩል በሚገኘው በመካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን ሃይማኖት ከተቀበሉት ወገን ነበሩ። ንጉሡ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ። አባም የተወለዱበትን ምድር ትተው ወጡ። ከብዙ መንከራተት በኋላ ሮማ ደረሱና ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ በኢትዮጵያውያን ማረፊያ ተቀመጡ።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ገደማ ወጣት ወደዚያ መጣ። ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከጥቂት መጻሕፍት ብቻ ስለ ሆነ ከኢትዮጵያዊ አንደበት ሲነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። አባ በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡ ሆነው ሳሉ ወጣቱን አልናቁትም። ግዕዙን አቃኑለት፤ አማርኛንም አስተማሩት።

ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የጎታው መስፍን ኤርነስት አባን ወደ ጀርመን አገር አስጠሯቸው። አባም የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ሄዱ። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እኛ ዘንድ ክረምት እነርሱ ዘንድ በጋ በሆነበት ጊዜ፣ በመስፍኑ ግንብ ተቀምጠው ስለ አገራቸው አስተዳደር፣ ሃይማኖት፣ አራዊትና ኑሮ ይጠየቁ ነበር። ጠያቂው ይጽፋል፣ አባ ይመልሳሉ። አገራቸውን ከለቀቁ 20 ዓመት ያህል ሆኗቸው ስለ እርሷ ቀኑን ሙሉ ሲጠየቁ መዋል ለልባቸው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

በእኛ ዘመን የሲኒማ ሰዎችም ይህንኑ አድርገዋል። በ1962 ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ትሩፎ በዕድሜ እጥፉ የሆነውን ሂችኮክን ሆሊውድ ድረስ ሄዶ በአስተርጓሚ ለቀናት ጠየቀው፤ ከዚያም በ1966 የታተመው ዝነኛ መጽሐፍ ተገኘ። ሂችኮክ ግን መጽሐፉን ለማየት በቃ። አባ ጎርጎርዮስ አልበቁም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ መርከባቸው ዛሬ የቱርክ ግዛት በሆነችው በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብራ ሰጠሙ።

የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው ዋናው መጽሐፍ በ1681፣ የአማርኛው ሰዋስው ደግሞ በ1698 ታተሙ። አማርኛ በሰዋስው መጽሐፍ ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነው። በሽፋኑ ላይ የሉዶልፍ ስም ብቻ መቆሙ ለእኔ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ነበርና። ነገር ግን ሉዶልፍ የመምህሩን ውለታ አልሸሸገም። በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣቸዋል፤ በ1691 ባሳተመው ሐተታም መልካቸውን አስቀርጾ አውጥቷል።

የታሪኩን መጽሐፍ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አሳስባለሁ። ላቲን ለማናውቅ በ1682 ለንደን የታተመ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ። እንግሊዝኛው የድሮ ስለ ሆነ መምህር አጠገብ ቢኖር ይበጃል። ከ4ቱ ክፍሎች ስለ ሕዝቡ ኑሮና ስለ ትምህርቱ በሚናገረው በመጨረሻው መጀመር ይሻላል፤ ስለ ነገሥታቱ የሚናገረውን ኋላ ይመለሱበታል።