አል-ራዚና የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ

ስለ ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት ስናወራ ደረታችንን ነፍተን ነው። ኬሚስትሪ የኛ ነው፣ ስሙም የመጣው አል-ኪሚያ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው እንላለን። እውነት ነው። አልካሊም ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ አልኮል እንኳ እናቶቻችን ከሚኳሉት ኩል ጋር አንድ ምንጭ ያለው ቃል ነው። ይሁንና እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ የኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ የመጀመሪያ ፈተናዬን ወደቅሁ። የአባቶች ስም ፈተና አያሳልፍም።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። ፎርሙላ እሸመድዳለሁ እንጂ ፎርሙላው ስለ ምን እንደሚናገር አልጠይቅም ነበር። ሞል የሚባለው ነገር እንደ ደርዘን የመቁጠሪያ ስም መሆኑ፣ 18 ግራም ውሃ ስንመዝን 1 ሞል ሞለኪውል እንደቆጠርን የሚታሰብ መሆኑ አልገባኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ፒያሳ በሚገኘው በኑር መስጊድ የዐስር ሶላት ሰግደን ስንወጣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወደ አንድ ወርቅ ቤት ገባን። የፒያሳ አሮጌ ሰፈር አብዛኛው በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት ነው። ጓደኛዬ የእናቱን ቀለበት ማስፈተሽ ፈልጎ ነበር። ሽማግሌው ወርቅ ሠሪ ቀለበቱን በጥቁር ድንጋይ ላይ አሽተው ጭረቱ ላይ የአሲድ ጠብታ ጣሉበት። ከጎኑ ደግሞ የነሐስ ጭረት አድርገው ያንኑ አሲድ አንጠባጠቡ። የነሐሱ ጭረት አረፋ ደፍቆ ጠፋ፤ የወርቁ ቀረ። የናይትሪክ አሲድን ፎርሙላ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ሥራውን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው የአቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚን ሕይወት በሌላ ዓይን ማንበብ የጀመርኩት። ብዙዎቻችን ኬሚስትሪ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣልን ጃቢር ኢብን ሐያን ነው። ነገር ግን በጃቢር ስም የሚታወቁት መጻሕፍት ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸው ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ስለኖረ፣ ሕይወቱ የተሻለ የሚታወቀውን አል-ራዚን መረጥኩ። አል-ራዚ በእምነት ጉዳይ ጻፋቸው የሚባሉ ነገሮችም ዑለማዎችን ሲያነጋግሩ ኖረዋል፤ እዚህ የማነሳው ግን የሙያ ሕይወቱን ብቻ ነው።

አል-ራዚ የተወለደው በ251 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ865) ዛሬ የቴህራን አካል በሆነችው በሬይ ከተማ ነው። ወደ ሕክምና የገባው ዘግይቶ እንደሆነና ከዚያ በፊት በኪሚያ ምድጃ ላይ ብዙ እንደደከመ ይነገራል። በኋላ በሬይ፣ ቀጥሎም በባግዳድ የሆስፒታል ኃላፊ ሆነ። ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የገለጸበት ድርሳኑ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ለረጅም ዘመን ተምሮበታል። ይህ በሽታ ለኛም ሩቅ አይደለም፤ በሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ1968 ዓ.ም. ነው።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን ዋናው ኪታቡል አስራር የተባለው መጽሐፉ ነው። ስሙ የምስጢሮች መጽሐፍ ማለት ቢሆንም ይዘቱ ምስጢር አያበዛም። በመጀመሪያ ቁሳቁሶቹን ይዘረዝራል፤ ከዚያ ዕቃዎቹን፣ ከዚያም አሠራሩን። ያሉትን ነገሮች ከእንስሳ፣ ከዕፅዋትና ከማዕድን የሚገኙ ብሎ ለያቸው፤ ማዕድናቱን ደግሞ በጠባያቸው በ6 ወገን ከፈላቸው። በእሳት ሲነኩ የሚተኑትን፣ እንደ ሜርኩሪና ድኝ ያሉትን፣ ከሚቀልጡት ብረታ ብረቶች አራርቆ አስቀመጠ። ምድጃውን፣ ወናፉን፣ ሙቀጫውን፣ ማቅለጫውን፣ እንደ ጽጌረዳ ውሃ ያለውን የሚያጣሩበትን የማትነኛ ዕቃ አንድ በአንድ ገለጸ። ሌላ ሰው ያንኑ ሥራ ይደግመው ዘንድ ነው። ዛሬ ተማሪ የላብራቶሪ ሪፖርት ሲጽፍ የሚጠየቀው ዕቃ፣ አሠራርና ውጤት ከዚህ የራቀ አይደለም።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባም። አል-ራዚ ተራ ብረትን ወርቅ ማድረግ ይቻላል ብሎ ያምን ነበር፤ ተሳስቷል። የእርሳስ አቶም 82 ፕሮቶን፣ የወርቅ አቶም 79 ፕሮቶን እንዳለው ዛሬ የሚያውቅ ተማሪ፣ ይህን ቁጥር የትኛውም ምድጃ እንደማይለውጠው ያውቃል። ምኞቱ ከሰመ፤ ለይቶ የማስቀመጥና መዝግቦ የመሥራት ልማዱ ግን ቀረ። እርሱም ቢሆን ከርሱ በፊት ለነበሩት በጭፍን አልሰገደም። ከግሪካዊው ሐኪም ጋሊን ብዙ መማሩን እያመነ፣ በጋሊን ላይ ያለውን ጥርጣሬ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አድርጎ ጽፏል።

በመጨረሻ ዕድሜው ዓይኑ ጠፋ። ምክንያቱን አንዳንዶች ከምድጃው ጭስ ጋር ያያይዙታል። በ313 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ925) በተወለደባት በሬይ ሞተ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አል-ቢሩኒ የሥራዎቹን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ከ180 በላይ ርዕሶች ቆጠረለት።

እኔም ከወርቅ ቤቱ ቀን በኋላ አጠናኔን ለወጥኩ። እያንዳንዱን ፎርሙላ ስምህ ማን ነው ከማለት ይልቅ ምን ትሠራለህ፣ ስንት ትመዝናለህ ማለት ጀመርኩ። የቀጣዩ ፈተና ውጤቴ የሚያስፎክር ባይሆንም አለፍኩ።

ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ብሎ አራት ኪሎ፣ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የሳይንስ ግቢ አለ። ልጆቻችን ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሲገቡ የአል-ራዚን ስም ብቻ አናስይዛቸው። አል-ራዚን ማክበር ማለት ሚዛን ፊት መቆም፣ ያዩትን መጻፍና ሲሳሳቱ ማመን ነው። በአባቶቹ ሥራ የሚኮራ ሥራቸውን ይቀጥል። ወላሁ አዕለም።